የፊቱን ክፈፍ ማን ነቀለው?

በጋራዡ ውስጥ እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሥራዋ የመኪና ወንበር መስፋት ነው፤ ክር የተሰካባት ትልቅ መርፌም ከአንገትጌዋ ላይ አትጠፋም። ስለዚህ «እትዬ መርፌ» ይሏታል። «አቀፍ አድርገን ሰላም እንዳንልሽ ትወጊናለሽ» ብሎ ያልቀለደባት ሠራተኛ የለም። እሷም «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ራቅ በሉ» ትልና ትስቃለች።

ባሏን ደግሞ «ሐኪሙ» ይሉታል። ሐኪምና መርፌ ተጋብተው በሽተኛው መኪና ሆነ እየተባለ ስንት ዘመን ተሳቀ።

የሐኪሙ ሥራ መንቀል ነው። መኪና ከመቀባቷ በፊት መብራቷን፣ የዝናብ መጥረጊያዋን፣ የበር እጀታዋን፣ ከሁሉም በላይ መስታወቷን የሚከብበውን የሚያብረቀርቅ ክፈፍ ያለ ጭረት አውልቆ ያስቀምጣል፤ ቀለሙ ሲደርቅ እንደነበረ ይመልሳል። ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ሰነፍ ጋራዥ ግን ክፈፉን አይነካውም። በወረቀትና በፕላስተር ሸፍኖ ዙሪያውን ይረጭበትና መኪናዋን እንደ ሙሽራ አስጊጦ ይልካታል። ክረምት ሲያልፍባት ቀለሙ ከክፈፉ ሥር እንደ ተላጠ ቆዳ ይነሳል፤ ዝገትም ውስጥ ለውስጥ ይበላታል። ሐኪሙ እንዲህ ያለውን ሥራ «ፊቱን ታጥቦ አንገቱን የረሳ» ይለዋል።

እትዬ መርፌን ወደ ጋራዡ ያስገባትም እሱ ነው። የልብስ ስፌት ሱቅ የነበራት ሕንጻ ፈርሶ ቤት በዋለች ጊዜ ከሟቹ ባለጋራዥ ፊት ቆሞ «ሚስቴ ብረት ካልሆነ በቀር የማትሰፋው ነገር የለም» ብሎ ለመነላት። ሟቹም ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል ሰጧት። እሷም ያን ውለታ አልረሳችውም። ሟቹ አርፈው ልጃቸው ሲተካ፣ ልጅየው የተቀበለውን የመጀመሪያ መኪና የተቀደደ ወንበር በነጻ የሰፋችው እሷ ናት።

የሐኪሙ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቀድማ ያየችውም እሷ ናት። መጀመሪያ ሻይ ሲያነሳ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር መንቃጨል አመጣ። ድካም ነው አለች። ቀጥሎ ቁልፍ መጣ። በራቸው ላይ ቆሞ ቁልፉን በቀዳዳው ዙሪያ ሲያንከራትት ከኋላው ቆማ አየችውና እንዳላየች ሆና ጫማዋን ማራገፍ ያዘች። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፎች የምትቆልፍለት «ክሩ እንዳይላላ ልየው» እያለች ነበር። እሱም «እስቲ እይው» ይላታል። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ።

«ሐኪም ቤት እንሂድ» ስትለው፣ «ሐኪሙ ማን ሆነና!» ብሎ በቀልድ ያልፋታል።

ጋራዥ ውስጥ ቀኝ እጁን ከኪሱ አያወጣም፤ ሲያወጣም አንጓውን ከመኪናው አካል ላይ አስደግፎ ነው። ብሎን የሆነ ነገር አይቸግረውም፤ ብሎን ጉልበት እንጂ ጣት አይፈልግም። ስለ ሌላው ደግሞ እትዬ መርፌ አለች። «ና ይሄን ስፖንጅ ያዝልኝ» ብላ ከከባድ ቦታ ታስነሳዋለች፤ «ምሳ ቀዘቀዘ» ብላ ትጠራዋለች። እንዲህ እያሉ ቆዩ።

አንድ ቀን አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና እያጓራች ገባች። ጣራዋ ዝቅ ያለ፣ የፊት መብራቶቿ እንደ ደነገጠ ሰው ዓይን የፈጠጡ፣ የመስታወቶቿ ክፈፎች ግን ዕድሜ ሳይደፍራቸው ብርማ ሆነው የሚያብለጨልጩ ናቸው። ከውስጧ ጡረታ የወጡት አዋላጅ ወረዱ። አካባቢው ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል። ግማሹ ሠፈር በሳቸው እጅ ነው የተወለደው፤ ከግማሹ ውስጥ ጥቂቱ ደግሞ ሐኪም ቤት ሳይደረስ እዚያችው መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው ይባላል።

ለፍላፊው ቀለም ቀቢ ቱታውን እያራገፈ ቀረበ። «እማማ፣ እኔንም እርስዎ ነዎት ያወጡኝ።»

እማማ ከላይ እስከታች አዩት። «አስታውስሃለሁ። ያኔም ዝም አትልም ነበር።»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። እሳቸው ግን መዳፋቸውን በፊት መስታወቱ ክፈፍ ላይ አሳረፉ።

«ስሙኝ» አሉ። «የማንኳኳው ሦስተኛ ጋራዥ ነው። ሁሉም ሸፍነን እንቀባለን ይላሉ። እኔ ምጥ የያዛት ሴት ጭኜ በጎርፍ ስነዳት ጠብታ ውሃ አስገብታብኝ አታውቅም። አሁን ካረጀሁ በኋላ እንድታፈስብኝ አልፈልግም። ክፈፏ ይነቀል። ግን ከተጣመመ ሌላ የለውም፤ የሚሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ዘመን ሆነው።»

«ጋሼ ሐኪሙ እያሉ ምን አሳሰበዎት?» አለ ባለጋራዡ።

እማማ ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «እጅህ ቀላል ነው?»

«ሰው እንደዛ ይላል» አለ ሐኪሙ። ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር።

እትዬ መርፌ በክፍሏ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ዓይኗ ከዚያ ኪስ ላይ አልተነሳም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪሙ በመኪናዋ ዙሪያ ሲዞር ሰነበተ። መብራቶቹን ፈታ፤ መጥረጊያዎቹን አወጣ፤ እጀታዎቹን በየጨርቁ ጠቅልሎ አስቀመጠ። ክፈፉ ጋ ሲደርስ «ጎማው ደርቋል፤ ፀሐይ ይምታው» ይላል። ፀሐይ ሲመታው «በጣም ሞቀ፤ ይቀዝቅዝ» ይላል።

«ጋሼ፣ በራሱ ፈቃድ እስኪወርድ ነው እንዴ የምንጠብቀው?» አለ ቀለም ቀቢው አንድ ቀን።

«ቀለም መርጨት የሸና ሁሉ የሚችለው ነው» አለው ሐኪሙ። «ተወኝ።»

ሌሎቹ ሳቁ። እትዬ መርፌ ግን አልሳቀችም፤ ባሏ ሰው ሰድቦ አያውቅም።

በማግስቱ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ክር ልትፈልግ ስትሄድ አገኘችው። የተጣለ አሮጌ የመኪና በር ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይለማመዳል። በእጁ የያዛት ከመጋዝ ምላጭ ራሱ የሠራት፣ ጫፏ እንደ ጥፍር የታጠፈች ስስ መንጠቆ ናት፤ እጀታዋን በቆዳ የሰፋችለት እሷ ናት። መንጠቆዋን በብረቱ ሥር ሊያስገባ ይሞክራል፤ ጫፏ ትስታለች። ደግሞ ይሞክራል። በመጨረሻ ከእጁ አምልጣ መሬት ላይ ጮኸች። ጎንበስ ብሎ አነሳትና ሰው አይቶት እንደሆነ ዙሪያውን ገላመጠ። እትዬ መርፌ ከግድግዳው ተለጥፋ ትንፋሿን ዋጠች። ያን ቀን የሰፋችው ስፌት ሁሉ ተዛንፎ ፈታችው።

ነገሩ የሆነው በምሳ ሰዓት ነው። ባለጋራዡ ቀለም ሊያስበጠብጥ ወጥቶ ነበር። ሠራተኞቹ ከአጥሩ ጥግ ተሰብስበው ይበላሉ። ሐኪሙ ምሳውን በልቶ፣ እንደ ሰሞኑ ልማዱ፣ ከዛፉ ጥላ ጋደም አለ፤ እጁ ከዕረፍት በኋላ ሻል ይልለት ነበር። መንጠቆዋን ከመኪናዋ አፍንጫ ላይ ትቷታል።

እትዬ መርፌ የኋላውን ወንበር ልትለካ ገባች። ለክታ ስትወጣ መንጠቆዋን አየች። ማንም ዞር ብሎ አያይም።

ልርዳው ብላ ነው ያነሳቻት። ይህን እስከዛሬም አትክድም።

የፊት መስታወቱ ክፈፍ በብሎን አልተያዘም። ከሥሩ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ የብረት ጥፍሮች አሉ፤ እነሱ ናቸው ጠርዙን ነክሰው የያዙት። መንጠቆዋን በጠርዙ ሥር አሾልኮ ጥፍሩን በጣት ስሜት ማግኘት፣ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ማስለቀቅ፣ ክፈፉን የወረቀት ውፍረት ያህል አንስቶ በእንጨት ስንጥር ደግፎ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። ሁሉም ሳይለቁ በአንድ ጫፍ የሳበ ሰው ክፈፉን ያጥፈዋል፤ የታጠፈ ደግሞ እንደ ተሰበረ አጥንት ነው፤ ቢጠገንም ቦታው ይታወቃል። ይህን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። ባሏ ራት ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ቆሞ ሲያወራላት ኖሯል። አንዳንድ ጊዜ እየሰማችው፣ አንዳንድ ጊዜ ሳትሰማው።

ጣቶቿ ግን ሰምተው ነበር። ከጨርቅ ሥር ያለ ስፌት በዳበሳ የሚያገኙ ጣቶች የመጀመሪያውን ጥፍር ፈልገው አገኙት። ጠቅ አለ። ሁለተኛውም ጠቅ አለ። የላይኛው ክፈፍ እንደ ደረሰ ፍሬ ከግንዱ ለቆ በእጇ ላይ ተኛ። የቀኙን ጎን አወጣች። የግራው ጥግ አስቸገራት፤ ጎማው ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። ምላሷን በጥርሶቿ መካከል ይዛ፣ ትንፋሿን አምቃ፣ ጥቂት በጥቂት አላቀቀችው።

ደስ አላት። ልጅ ሆና የመጀመሪያ ቀሚሷን ስትሰፋ እንዳላት ያለ፣ ከእግር ጥፍር የሚነሳ ደስታ ነበር። ያቺን መንጠቆ መያዝ ለረዥም ጊዜ ሲያምራት እንደኖረም ያኔ ገባት። ኋላ ስታስበው የሚያንገበግባት ይኸው ነው። ለባሏ ብላ ጀመረች እንጂ ከመሃል ባሏን ረስታው ነበር።

የመጨረሻውን ክፈፍ ብርድ ልብስ ላይ አጋድማ ቀና ስትል ባለጋራዡ በር ላይ ቆሟል። እሷን አልጠረጠራትም፤ ወንበር ልትለካ የመጣች መስሎታል። ዓይኑ ከክፈፉ ላይ ነው።

«ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። «እጅዎ ይባረክ! ጭረት የለው፣ ምን የለው! ኑ እዩ እንጂ እናንተ!»

ሐኪሙ ፊቱን በመዳፉ እየጠረገ ከጥላው መጣ። ክፈፉን አየ። መንጠቆዋን አየ፤ እሱ ካስቀመጣት ቦታ አልነበረችም። ከዚያ የሚስቱን ጣቶች አየ። በጎማ ጥላሸት ጠቁረዋል።

እሷ እንዲናገር ጠበቀች። እንዲስቅ፣ እንዲቆጣ፣ «እሷ ናት እኮ» እንዲል። ሠራተኞቹ ከበውት «ተባረኩ ጋሼ» ይሉታል። ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሜን» አለ። «እናንተም ተባረኩ።»

ያ «አሜን» እንደ ድንጋይ ወደቀባት። ባሏን ሰው ፊት አስዋሸችው። ዕድሜውን ሙሉ የማንንም ሥራ የእኔ ነው ብሎ የማያውቅ ሰው! ነገር ግን እፍረቷ መሃል አንድ ሌላ ድምፅ፣ ቀጭን፣ እንደ ትንኝ ያለ፣ «የኔ ነበር እኮ» አላት። የሷን ምስጋና እሱ መውሰዱ ቆጫት። ራሷን ታዘበች። ጣቶቿን በቀሚሷ ጠራርጋ ወደ ክፍሏ ገባች።

ቤታቸው ሲገቡ ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር። ጠብ የለም። ራት አቀረበች፤ በላ። ሲጨርስ «አመሰግናለሁ» አላት። በትዳራቸው እንዲህ ያለ ቃል ገብቶ አያውቅም። «በቃኝ» ወይም «ዛሬስ አሳምረሽዋል» ይላል እንጂ እንደ እንግዳ አመስግኖ አያውቅም።

«ተቆጣ እንጂ» አለችው።

«በምን? ሥራ ሠርተሽ?»

«ሳልነግርህ ነክቼብህ።»

«ሥራሽ ያምራል» አለ፣ ሳህኑን እያየ። «ጠጋ ብዬ አየሁት። የግራውን ጥግ እኔ ደህና በነበርኩ ጊዜ እንኳ እንዲህ ንጹሕ አላወጣውም ነበር።»

እውነቱን ነው። ቢዋሻት ይሻላት ነበር።

«እኔ እኮ…»

«የኋላውን መስታወት ክፈፍ ግን አትንኪብኝ» አለ። ከዚያ ተነስቶ ሳህኑን ራሱ አጠበ። ሳህኑ ከቧንቧው ጋር ሲንጫጫ ጀርባዋን ሰጥታ ሰማችው።

ሐኪሙ ጠዋት ጋራዥ እንደገባ ማንንም ሳያይ ወደ ሰማያዊዋ መኪና ሄደ። ሰው ሁሉ ባለበት የኋላውን መስታወት ክፈፍ ሊነቅል መንጠቆዋን አነሳ። እትዬ መርፌ ክፍሏ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ስፌት መኪናዋን ብታቆም እያዳመጠችው እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ክር የሌለባትን መርፌ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ዝም ብላ ነዳቻት። መርፌዋ ጨርቁን ትወጋለች፤ ምንም አይሰፋም። በዚያ ድምፅ መሃል ከውጭ አንድ ጠቅታ መጣ፤ ጥፍር ለቀቀ። ደግሞ ሌላ። ልቧ ትንሽ ተነሳ። «እሱ ነው፣ እየሆነለት ነው» አለች።

ከዚያ ቀጭ አለ።

ሮጣ ወጣች። ትልቁ የላይኛው ክፈፍ መሃሉ ላይ እንደ ክርን ታጥፏል። ሐኪሙ አንድ ጫፉን እንደያዘ ቆሟል። ብረቱ በእጁ ውስጥ ይርገፈገፋል፤ ፀሐይ እየመታው ብልጭታው በጣራው ላይ ይጨፍራል።

ባለጋራዡ መጣ። «ምን ሆነ?»

«እኔ ነኝ!» አለች እትዬ መርፌ። ከየት እንደመጣላት አታውቅም። «ወንበሩን ላወጣ ስል በክርኔ ገፋሁት፤ እሱ ይዞት ሳለ…»

«ተይ» አላት ሐኪሙ።

«እውነቴን ነው፣ እኔ ነኝ…»

«ተይ አልኩሽ።»

ክፈፉን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ከዚያ ቀኝ እጁን ፊቱ ላይ አንስቶ ለሁሉም አሳየ። ጣቶቹ ነፋስ እንዳገኘው ቅጠል ይርገበገባሉ።

«ይኸውላችሁ» አለ። «የኋላውን ያጣመምኩት እኔ ነኝ። የፊቱን የነቀለችው እሷ ናት፤ እኔ ተኝቼ ነበር። አሜን ያልኩት ግን እኔ ነኝ።»

እትዬ መርፌ መሬቱ ቢውጣት ወደደች። የገዛ ባሏን ገመና እሸፍናለሁ ብላ አደባባይ አወጣችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ቀድሞ የተናገረው ቀለም ቀቢው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ፣ «ጋሼ፣ እናውቅ ነበር እኮ» አለ።

«ምን?»

«ሁላችንም። አላልተው የሚተዉዋቸውን ብሎኖች ማን የሚያጠብቃቸው ይመስልዎታል? ተራ ገብተን እኮ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሐኪሙ አንድ በአንድ አያቸው፤ ሁሉም ጫማቸውን ያያሉ። እትዬ መርፌ ደግሞ አንድ ነገር ገባትና አንገቷን ደፋች። እሷ የተጠነቀቀችው፣ የሸፈነችው፣ የዋሸችው ሁሉ ከንቱ ነበር። በዚህ ሁሉ መሃል አንድም ቀን «እጅህ ምን ሆነ?» ብላ በግልጽ፣ ዓይኑን እያየች አልጠየቀችውም።

ለእማማ መንገር ነበረባቸው። «እኔ ደውዬ እነግራቸዋለሁ» አለ ባለጋራዡ። ሐኪሙ አሻፈረኝ አለ። የታጠፈውን ክፈፍ በጨርቅ ጠቅልላ እሷ ያዘች፤ እሱ ፊት ፊት ሄደ።

የእማማ ሳሎን ግድግዳ በሕፃናት ፎቶግራፍ የተሞላ ነው። ሐኪሙ ሳይቀመጥ፣ ባርኔጣውን በደረቱ ይዞ፣ ሁሉን ተናገረ። አላሳጠረም፣ አላስረዘመም። እትዬ መርፌ ጥቅሉን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እማማ ብረቱን ዞር ብለውም አላዩት። የሐኪሙን እጅ ያዙ፤ ገልብጠው አዩት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉ፣ ዘረጉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ።»

«ነገ ትታያለህ።»

«እሺ እማማ።»

«እሺ ብለህ እንዳትቀር። እኔም እሺ ብዬ ቀርቻለሁ።» እጁን ሳይለቁ ቀጠሉ። «አንዲት ረዳት ነበረችኝ። አንድ ቀን አንድ ሕፃን ሲወጣ እጄ ዘገየ። እሷ ቀድማ ተቀበለችው። ሕፃኑ ዳነ፣ እናትየዋ እኔን መረቀችኝ፣ እኔም አሜን አልኩ። ረዳቴን ግን ከዚያ በኋላ ማየት አስጠላኝ። ምን አጠፋች? ምንም። ሰላምታ ነፈግኳት። በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። መሞቷን ብቻ ሰማሁ።»

እማማ ወደ እትዬ መርፌ ዞሩ።

«አንቺስ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው?»

«ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።»

«ምን አጠፋሽ?»

ያዘጋጀችው መልስ ነበራት። «ለሱ ብዬ ነው» አለች። ከዚያ ግን አንደበቷ አልታዘዝ አላት። ባሏን ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያለ አንድ ጥርስ የሌለው ሕፃን እያየች፣ «ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «እሱ የማይችለውን ስችለው ደስ አለኝ። ይሄን ነው ያጠፋሁት።»

ሐኪሙ ዞሮ አያት። ፊቱን ማንበብ አልቻለችም።

እማማ አልገሠጿትም፣ አላጽናኗትምም። «እንዲያ ነው» ብቻ አሉ፤ ከዚያ ብረቱን ለመጀመሪያ ጊዜ አንስተው ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «ቀጥቃጭ አይጠፋም። የተቻለውን ያድርግ።»

ላሜራ ቀጥቃጩ የእንጨት መዶሻ ይዞ በቆዳ ላይ አስተኝቶ ስንት ሰዓት እንደታገለው እሱ ይቁጠረው። ክፈፉ ተቃና። ነገር ግን ብርሃን ከጎን ሲመጣበት መሃሉ ላይ የጣት ጥላ የመሰለች ነገር ትታያለች። እትዬ መርፌ መኪናዋን ባየቻት ቁጥር ከመላ አካሏ መጀመሪያ የምታየው ያቺን ጥላ ሆነ።

ሐኪሙም ታየ። ሐኪሞቹ በሽታው የሚተወው ዓይነት እንዳልሆነ፣ ግን መድኃኒቱን በሰዓቱ ከወሰደ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ ነገሩት። ባለጋራዡ «የትም አይሄዱም» ብሎ ደንበኛ እንዲቀበል፣ ያለቀውን ሥራ ከመውጣቱ በፊት እንዲመረምር አደረገው። አንዳንድ ቀን ደስ ብሎት ይመጣል። አንዳንድ ቀን አልጋው ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል፤ ያን ቀን እሷ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ቀኑን ሙሉም የሠራችው ሥራ ሁሉ የተሰረቀ ይመስላታል። የሚነቀል ነገር ሲመጣ ወደሷ ይጠቁማሉና። አንድ ጠዋት መንጠቆዋን ከስፌት መኪናዋ ጠረጴዛ ላይ አገኘቻት። ማን እንዳስቀመጣት አልጠየቀችም፤ እሱም አልነገራትም።

ሰማያዊዋ መኪና ተቀብታ፣ ደርቃ፣ ለቀለሙ ሲባል የወጣው የፊት መስታወቷ የሚገጠምበት ቀን ደረሰ። ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎማ ውስጥ ገመድ ይዞራል፤ አንዱ ከውስጥ ሆኖ ገመዱን ይስባል፣ ሌላው ከውጭ በመዳፉ መስታወቱን መታ መታ እያደረገ ይገፋል። ቀለም ቀቢው ሊገፋ እጅጌውን ሲሰበስብ ሐኪሙ «ዞር በል» አለው። መዳፉን በሳሙና ውሃ አራሰ። ለመግፋት ጣት አያስፈልግም።

እትዬ መርፌ ውስጥ ገብታ ተንበረከከች። ገመዱን ሳበች፤ ጎማው በጠርዙ ላይ እየተገለበጠ ተቀመጠ። እሷ በሳበችበት እሱ ገፋ። ሁለቱ መሃል መስታወቱ ብቻ ነው። የመዳፉ ሥጋ ተለጥፎ ነጭ ሆኖ ይታያታል፤ ሲንቀጠቀጥ መስታወቱም አብሮ በስሱ ሲንቀጠቀጥ በገመዱ ይሰማታል። በመጨረሻው ጥግ ገመዱ ያዛት። ጠንከር አድርጋ ልትስብ ስትል ቀና አለችና ፊቱን አየች። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አንድ ነገር ተናገረ። ድምፁ አልገባም።

ገመዱ ወጣ። መስታወቱ ተቀመጠ። ውጭ ያሉት አጨበጨቡ።

በሩን ከፍታ፣ «ምን አልከኝ?» አለችው።

«መቼ?»

«አሁን፣ በመስታወቱ።»

ሐኪሙ እጁን በቱታው አደረቀ። «ገመዱን ቀስ አድርገሽ ሳቢው ነው ያልኩሽ።»

ከንፈሩ የተናገረው ከዚያ ያጠረ መሰላት። ልትጠይቀው ብላ ተወችው። መልሱ የምትፈልገው ካልሆነስ? ደረቅ ጨርቅ አነሳችና የሳሙናውን ውሃ መጥረግ ጀመረች። እሱም ሌላ ጨርቅ ፈልጎ ከውጭ በኩል ይጠርግ ጀመር፣ ባልተረጋጋ እጅ፣ አንዳንዱን ቦታ እየሳተ። የሳተውን ከውስጥ አየችው፤ ዝም ብላ የራሷን በኩል ጠረገች።